በብርዳማ ቤት የቤት ውስጥ ተክልን በሴንሰር እንዴት መንከባከብ ይቻላል

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርባቸው ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። በየቤታችን መስኮት ላይ የምናስቀምጣቸው በሶብላ፣ ሬት፣ ፖቶስና ፊከስ ግን ሙቀት የሚወዱ ተክሎች ናቸው። አንዱ ሲጠወልግ ሁላችንም ቶሎ የምንለው «ውኃ ጠምቶት ነው» ነው። እኔ በቤቴና በጎረቤት ካየኋቸው ውስጥ ግን ብዙዎቹ የሞቱት ውኃ በዝቶበት በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ነው። ሥር ኦክስጅን ይፈልጋል፤ አፈሩ በውኃ ሲሞላ አየሩ ይወጣል፤ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ተክሉ ውኃ የሚስብበት ፍጥነት ስለሚቀንስ እርጥበቱ ለቀናት ሳይነቃነቅ ይቆይና ሥሩ ይበሰብሳል። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውኃ መሳብ ስለማይችል እንደተጠማ ተክል ይጠወልጋል፤ እኛም ውኃ እንጨምርለታለን። የአፈሩን እርጥበትና የክፍሉን ሙቀት ጎን ለጎን የሚያሳዩ ሁለት ሴንሰሮች (መለኪያ መሣሪያዎች) ይህን ስሕተት ማስቀረት ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሥራ መሣሪያውን መምረጥ ነው። የአፈር እርጥበት የሚለኩ ሴንሰሮች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በሁለት ባዶ ብረቶች መካከል የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካ ሲሆን፣ ብረቱ እርጥብ አፈር ውስጥ እየዛገ ስለሚሄድ ብዙ አያገለግልም። ሁለተኛው ካፓሲቲቭ የሚባለው ነው፤ ብረቱ የተሸፈነ በመሆኑ ዕድሜው ይረዝማልና ይህንኛውን ይምረጡ። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝና በክብ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ለጀማሪ ቀላል ነው። በዋይፋይ የሚሠራ ከገዙ ብዙዎቹ የሚቀበሉት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ ራውተርዎ የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድን ብቻ እንዲያሠራ ተስተካክሎ ከሆነ መሣሪያው አይገናኝም። ዚግቢ በሚባለው ሌላ ገመድ አልባ መገናኛ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ማዕከላዊ መቀበያ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሴንሰሩን አፈር ውስጥ ማስገባት ነው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ነው። ሴንሰሩን ከግንዱና ከማስቀመጫው ጠርዝ መካከል፣ ሥሩ በሚገኝበት ጥልቀት፣ በቀጥታ ወደ ታች ይትከሉት። ላይኛው አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ ከላይ ብቻ የተሰካ ሴንሰር ሁልጊዜ ውኃ እንዲያጠጡ ይገፋፋዎታል። የሴንሰሩ ሰሌዳ ላይ የመጥለቂያ ወሰን የሚያሳይ መስመር ካለ ከእርሱ በላይ አይቅበሩት፤ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ያልተሸፈነ ከሆነ ጠርዞቹን ጥፍር ቀለም ቢቀቡት ከእርጥበት ይጠብቀዋል።

ስለ አፈሩ ዓይነት ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እናቴ ፖቶሷን የተከለችው ከጓሮ በተወሰደ መረሬ (ጥቁር የሸክላ) አፈር ነበር። ሴንሰሩ ለሦስት ቀን «ደረቅ» እያለ ስላስጠነቀቀኝ ሦስት ጊዜ አጠጣሁት፤ ቅጠሉ ግን ቢጫ እየሆነ ሄደ። እናቴ «ልጄ፣ እስኪ በእጅህ ንካው» ብትለኝ ጣቴን ከሴንሰሩ ራቅ አድርጌ ባስገባው አፈሩ ጭቃ ሆኖ ቀዝቅዟል። መረሬ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ሴንሰሩ ዙሪያ እርሳስ የሚያህል ክፍተት ተፈጥሮ ነበር፤ ሴንሰሩ የሚለካው አፈሩን ሳይሆን በክፍተቱ ያለውን አየር ነበር። ተክሉን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ስለዚህ መረሬን ብቻውን አይጠቀሙ፤ ከአሸዋና ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅለው፣ ሴንሰሩን ከተከሉ በኋላ ዙሪያውን በጣት ጠቅጠቅ ያድርጉት። ማስቀመጫው ከታች ቀዳዳ የሌለው ቆርቆሮ ወይም የዘይት ጄሪካን ከሆነ አስቀድመው ይብሱት፤ ውኃ መውጫ የሌለውን ዕቃ የትኛውም ሴንሰር አያድነውም።

ሦስተኛው ሥራ ቁጥሩን ከራስዎ አፈር ጋር ማስማማት ነው። ስልኩ ላይ የሚታየው መቶኛ በሌላ አፈር የተሰላ ስለሆነ እንዳለ አይቀበሉት። ማስቀመጫውን ውኃ ከታች እስኪወጣ ድረስ አጠጥተው፣ ጠብታው ሲያቆም ይጠብቁና ያሳድሩት፤ በማግስቱ ጠዋት የሚያነቡት ቁጥር የዚያ አፈር «ጥጋብ» ነው፤ ይጻፉት። ከዚያ ሳያጠጡ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት ቁጥሩን እያነበቡ ማስቀመጫውን ብድግ አድርገው ክብደቱን ይገምቱ፤ የወጥ ቤት ሚዛን ካለዎት ደግሞ ይመዝኑት። ጣትዎ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ ደረቅ ሆኖ ያገኙት ቀን የሚታየው ቁጥር የማጠጫ ወሰንዎ ነው። ሬት ከዚህም በላይ ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅን ይወዳል፤ በሶብላ ግን እዚያ ደረጃ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ውኃ ይፈልጋል። በአርዱዪኖ ወይም በኢኤስፒ32 (ፕሮግራም በሚጫንባቸው ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) ራሳቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች ደግሞ በተለመዱት ካፓሲቲቭ ሴንሰሮች አፈሩ ሲደርቅ ጥሬው (ወደ መቶኛ ያልተቀየረው) ቁጥር ከፍ፣ ሲረጥብ ዝቅ እንደሚል ያስተውሉ።

የሙቀት ሴንሰሩን ክፍሉ መሐል ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ተክሉ አጠገብ፣ በቅጠሉ ከፍታ ያስቀምጡት። ማታ ለቡና ከሰል ሲቀጣጠል ክፍሉ ይሞቃል፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን ያ ሙቀት ሌሊቱን አይቆይም። የመስኮት መስታወት አጠገብ ያለው አየር ከክፍሉ መሐል ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሊያዩት የሚገባው ቁጥር ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት፣ ወደ ሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ያለው ዝቅተኛው ነው። መሣሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር 05:00 ብሎ ስለሚያሳየው ማስጠንቀቂያ ሲያስተካክሉ አይሳሳቱ። የሞቃት አገር ተክሎች ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መጎዳት ስለሚጀምሩ ማስጠንቀቂያውን 12 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ ተክሉን ከመስኮቱ ለማራቅ ጊዜ ይሰጥዎታል። ጤና አዳም ብርድን ከበሶብላ በተሻለ ስለሚችል ቦታ ሲጠብ እርሱን መስኮቱ ጋ ይተዉት። በብርድ ወራት የምታጠጡ ከሆነ ረፋድ ላይ፣ ለብ ባለ ውኃ ይሁን፤ ማታ ውኃ የጠጣ አፈር ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያድራል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ ቆላማ ቦታዎች ችግሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ዝቅተኛውን ሙቀት ትተው የእርጥበቱን ወሰን በጥንቃቄ ይከታተሉ።

ብርሃንን በሉክስ (በብርሃን መጠን መለኪያ) የሚለካ ሴንሰር ካለዎት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች «ደቡብ የሚያይ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል» ይላሉ፤ ለእኛ ግን አይሠራም። ሰሜን ሸዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በስተሰሜን በኩል ስትሄድ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በመሆኑም የደቡቡ መስኮት በታኅሣሥ ብዙ ብርሃን ቢያስገባም በሰኔ ቀጥታ ጨረር አያገኝም፤ በክረምቱ ደመናና ጭጋግ ላይ ይህ ሲጨመር ተክሉ ብርሃን ይጎድለዋል። ውጭ ቀጥታ ፀሐይ ላይ 100,000 ሉክስ ገደማ ሲለካ፣ ከመስኮት ጥቂት ሜትር ሲርቁ ወደ ጥቂት መቶዎች ይወርዳል። ተክሉን በዓመት ሁለት ጊዜ ከመስኮት ወደ መስኮት ማዛወር ይጠቅማል።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩና ማዕከላዊ መቀበያው ይቆማሉ። ባትሪ ያላቸው አንዳንድ የብሉቱዝ ሴንሰሮች ልኬቱን በውስጣቸው አስቀምጠው ስልኩ ሲቀርብ ስለሚያስረክቡ በእኛ አካባቢ የተሻሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። በሴንሰር ትእዛዝ የሚያጠጣ ፓምፕ መግጠም ግን አልመክርም፤ የእናቴን ፖቶስ ሴንሰር ያሳሳተው ዓይነት ክፍተት ቢፈጠር ፓምፑ ያለማቋረጥ ያፈስሳል። ግድ ከሆነ በቀን ከተወሰነ ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ገደብ ያድርጉበት፤ ማጠራቀሚያውም ቢፈስ የማይጎዳ ትንሽ ዕቃ ይሁን።

በወር አንድ ጊዜ ሴንሰሩን አውጥተው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ማዳበሪያ በተጨመረበት አፈር ውስጥ ጨው እየተጠራቀመ ልኬቱን ያዛባልና የጥጋብ ቁጥሩንም እንደገና ይውሰዱ። የክብ ባትሪ አቅም በብርድ ስለሚቀንስ፣ ውርጩ ከመግባቱ በፊት በመስከረም መጨረሻ ባትሪውን ይለውጡ።