በጅማ የመጀመሪያ ቤት እንዴት ይገዛል? ከባንክ ጀምሩ፣ ሰፈሩን በዝናብ እዩ

ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለደላላ ነው። እኔም እንደዛው አደረግሁ። ደላላው በአንድ ቅዳሜ አምስት ቤት አዞረን። አንዱን ወደድነው፤ ባለቤቴ የመጋረጃውን ቀለም ሳይቀር መርጣ ነበር። ባንክ ስንሄድ ግን ቤቱ ካርታ ላይ ሌላ፣ መሬት ላይ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ብድሩም ቀረ፣ መጋረጃውም ቀረ።

ሰፈር መምረጥንና ብድር ማግኘትን ለየብቻ ሳስባቸው ነበር የኖርኩት። ለካ ባንኩን እሺ የሚያሰኘውም እምቢ የሚያሰኘውም የመረጣችሁት ቤት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን።

1. ቤት ሳታዩ ባንክ ግቡ

ሁለት ሦስት ባንክ ዙሩ። ደመወዛችሁ የሚገባበትን አስቀድሙ፤ የገቢያችሁን ታሪክ ያውቀዋል። መሥሪያ ቤታችሁ ለሠራተኞቹ ከባንክ ጋር የተዋዋለው የቤት ብድር ካለም የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ። ሰው ሳይጠይቅ የሚያልፈው ዕድል ነው።

የብድር ክፍል ኃላፊውን የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ቅድመ ክፍያው ስንት በመቶ ነው? ወለዱስ? መሃል ላይ ሊቀየር ይችላል? በስንት ዓመት ይከፈላል? ቀድሜ ልክፈል ብል ቅጣት አለው? ለምን ዓይነት ቤት ነው የማታበድሩት? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሷት። መልሱ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ፣ ጎረቤት አምና የነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ አትቁጠሩ።

ወለድ የማትነኩ ከሆነ በጅማ ብቻችሁን አይደላችሁም። በ2013 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረው ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ። ብዙዎቹ መደበኛ ባንኮችም ለዚሁ የተለየ መስኮት ከፍተዋል። በሙራባሃ ባንኩ ንብረቱን ይገዛና ትርፉን ጨምሮ ለእናንተ ይሸጣል፤ ጠቅላላ ዋጋው ከመጀመሪያው ቀን ታውቆ ይፈረማል። «ከወለድ ነፃ» ማለት ርካሽ ማለት አይደለም። ጠቅላላውን ክፍያ ከመደበኛው ብድር ጋር አስተያዩ።

2. ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ

ለምሳሌ አንድ ሚሊዮን ብር ተበደራችሁ እንበል፤ ወለዱ በዓመት 17 በመቶ። በ15 ዓመት የሚከፈል ከሆነ በወር ወደ 15,390 ብር ይመጣል። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 14,167 ብሩ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀንሰው 1,223 ብር ብቻ። እኔ ይህን ሳይ ባንኩ የተሳሳተ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አስደምሬያለሁ።

አሁን «ይቅለለን» ብላችሁ 20 ዓመት አድርጉት። ወርሃዊው ወደ 14,670 ይወርዳል። 720 ብር ገደማ ቀለላችሁ ማለት ነው። በጠቅላላው ግን በ15 ዓመት 2.77 ሚሊዮን ብር ትከፍሉ የነበረው 3.52 ሚሊዮን ይሆናል። ለወር 720 ብር ብሎ 750 ሺህ ብር መጨመር አይዋጥልኝም። አቅም ካለ አጭሩን ምረጡ። ከሌለ ረጅሙን ውሰዱና ቦነስ ወይም እቁብ ሲወጣ ከዋናው ላይ ቀንሱ፤ ቀድሞ መክፈል ይቀጣል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁት ለዚህ ነው።

ወርሃዊ ክፍያው እጃችሁ ላይ ከሚገባው ገቢ አንድ ሦስተኛውን ባያልፍ ይመረጣል። የትርፍ ሰዓትና የአበል ገንዘብ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይግባ። ዘንድሮ ያለ አበል ከርሞ ላይኖር ይችላል።

3. ሰፈሩን በዝናብ እዩ

ጅማ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ አይደለም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። እዚህ ከተማ ቤትን በጥር አይቶ መግዛት ሙሽራን በፎቶ ብቻ አይቶ እንደማግባት ነው።

ያ የመጀመሪያው ከቀረብን በኋላ ሁለተኛ ቤት ያየነው በጥር ነበር። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የሚያበራ። ጓደኛዬ «በሐምሌ ተመለስ» ብሎኝ በሐምሌ ተመለስኩ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በግድግዳው ዙሪያ ቀለሙ አረፋ አውጥቶ ተልጧል። በጣቴ ስነካው ኖራው እርጥብ ነው። የጎረቤቱ በር ላይ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ተደርድሯል። ሻጩ «የቧንቧ ችግር ነው» አለኝ። ማዳበሪያው ግን ሌላ ይናገር ነበር።

አዌቱ ወንዝ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ዳርና ዳሩን ስትገዙ ውሃው የደረሰበትን ቦታ ሽማግሌ ጠይቁ። ወደ ቂጦና ወደ ቦዬ ስትወርዱ ሜዳው ደስ ይላል፤ ረግረጉም ቅርብ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃ በስንት ሜትር እንደሚወጣ እወቁ፤ የመሠረቱንም የመጸዳጃ ጉድጓዱንም ዕጣ የሚወስነው እሱ ነው። ወደ ጅሬን ስትወጡ ጎርፉ ይቀርላችኋል። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን እዚያ ኮረብታ ላይ ያሠሩት በከንቱ አይመስለኝም። ግን ዳገቱ አለ። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ሳሙና ነው። የቧንቧ ውሃም ወደ ላይ መውጣት ሊያቅተው ስለሚችል በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከጎረቤት አጣሩ።

ሂርማታና መርካቶ አካባቢ ለንግድ የሚመች ነው፤ ለእንቅልፍ ግን እንጃ። ፈረንጅ አራዳ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው፣ ዋጋውም እንደዛው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አጠገብ፣ በተለይ በቂጦ ፉርዲሳ በኩል፣ ሰርቪስ ክፍል ለማከራየት ይመቻል። የኪራይ ገቢ ለብድሩ ያግዛል ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ተማሪ ክረምት ላይ አገሩ እንደሚገባ አትርሱ። በዓመት 12 ወር ሳይሆን 9 ወር አስሉ።

ሰፈር የምፈትንባቸው ሁለት ዘዴዎች አሉኝ። አንደኛው ባጃጅ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መሃል ከተማ ቆማችሁ ወደዚያ ሰፈር ባጃጅ ጥሩ። «እዛ አልገባም» ካለ፣ ወይ እጥፍ ከጠራ፣ መንገዱና ጸጥታው ምን እንደሚመስል ነገራችሁ። ሁለተኛው ቡና ነው። ሰፈሩ ውስጥ ጀበና ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ ቁጭ በሉ፣ አቦል ጠጡ፣ አትቸኩሉ። መብራት ስንቴ ይጠፋል፣ ማን ከማን ጋር በአጥር ተካሷል፣ ያ ቤት ለምን ሦስት ዓመት ሳይሸጥ ቆየ፤ ሁሉንም እሷ ታውቃለች። ቤቱ የውርስ ከሆነና ወንድማማቾች ካልተስማሙበት ደግሞ የእድሩ ዳኛ ያውቃሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ሽማግሌ ሰው «ልጄ፣ እሱን ተወው» ካሏችሁ ተዉት።

4. ካርታው

በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የሌለው ቤት ባንክ ዘንድ ቤት አይደለም። በከተማዋ ዳር በመንደር ውል የሚሸጥ የገበሬ መሬት፣ በሌሊት የበቀለ ጨረቃ ቤት፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። በብድር ግን አይገዙም። ያለ ብድርም እኔ አልመክርም።

ካርታውን ከሻጩ እጅ አይታችሁ አትመኑ። ከሻጩ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓቱ በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተወሰደ)? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ስንት ቀርቶበታል? የፍርድ ቤት እግድ ወይም የሌላ ባንክ ዕዳ አለበት? ከዚያ ሜትር ይዛችሁ አጥሩን ለኩ። ካርታው 200 ካሬ ብሎ አጥሩ 240 ከሆነ፣ 40ው የእናንተ አይሆንም፤ ዋጋ ግን እንደ 240 ነው የሚጠራባችሁ።

አንድ ነገር በተለይ ለአማርኛ አንባቢ። የጅማ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ካርታውም ውሉም በዚያ ቋንቋ ይመጣል። መናገሩን የምትችሉ እንኳ የሕግ ቃሉ ሊያመልጣችሁ ይችላል። በደንብ የሚያነብ የምታምኑት ሰው ወይም ጠበቃ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩ ደላላ «እኔ ላንብብላችሁ» ሲል አመስግናችሁ እለፉት።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ ቤት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም።

5. የባንኩ መሐንዲስ

ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ነው። ባንክ የሚያበድረው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ አይደለም፤ የራሱ መሐንዲስ በገመተው ላይ ነው። ሻጩ 3 ሚሊዮን ብሏል፣ መሐንዲሱ 2.1 ሚሊዮን ገመተ፣ ባንኩ ደግሞ የግምቱን 70 በመቶ ያበድራል እንበል። 1.47 ሚሊዮን ብር ታገኛላችሁ። የቀረው 1.53 ሚሊዮን ከኪሳችሁ ነው። «30 በመቶ ቅድመ ክፍያ» ሲባል 900 ሺህ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው እዚያው ይቀራል።

እኛ ዘንድ የመጣው መሐንዲስ ወጣት ልጅ ነበር። ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገ፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ ከጓሮ የተሠሩትን ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አየና «የግንባታ ፈቃዳቸው?» አለ። አልነበረም። ሦስቱም በግምቱ ላይ ዜሮ ሆኑ። እኛ ዋጋ ስንደራደር ትልቁ ማባበያ እነሱ ነበሩ።

ቤቱ የጭቃ ከሆነ ባንኮች ብዙም አይደፍሩም። እናንተም ምሰሶዎቹን ከሥር በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ። ቢላው ዝም ብሎ ከገባ ምስጥ ቀድሟችኋል።

6. ቀብድና ውል

ባንኩ ብድሩን ሳይፈቅድ ቀብድ አትስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ገንዘቡን ያጣል። የተቀበለው ከቀየረ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ሻጩ ቀብድ ካልሰጣችሁኝ አልጠብቅም ካለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።» ይህችን ለመጻፍ ያንገራገረ ሻጭ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። ሦስት ምስክር ይዞ ሻይ ቤት መፈራረም አይበቃም። የስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብር ቀረጡንና ሻጩ ላይ የሚመጣውን ግብር ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር። የደላላውም እንዲሁ።

የብድር ውሉን ስትፈርሙ ቤቱ መያዣ ሆኖ ይመዘገባል። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ክፍያ ካቋረጣችሁ፣ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ የሦስት ወር ክፍያ ለብቻ አስቀምጡ። ደመወዝ ከዘገየም ማስጠንቀቂያው ሳይደርስ እናንተ ቀድማችሁ ባንኩን አናግሩ።

7. ቁልፉን ከተቀበላችሁ በኋላ

ስሙ ወደ እናንተ ዞሮ አዲሱን ካርታ ካያችሁ በኋላ የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ አዛውሩ። የቀድሞው ባለቤት ውዝፍ ካለበት ቁልፍ ሳትቀበሉ ነው የሚከፈለው። መብራቱ ከጎረቤት የተቀጠለ ሆኖ ካገኛችሁት አትደነቁ፤ የራሳችሁን ቆጣሪ በጊዜ አመልክቱ፣ ወረፋ አለው።

ከዚያ እድር ተመዝገቡ። መግቢያ ይከፈላል፣ አንዳንዱ ጋ ያለፈው ድርሻም ይጠየቃል። ቤት ስፈልግ ያማከርኳቸው የእድር ዳኛ ስሜን መዝገቡ ላይ ሲጽፉ ቀና ብለው አዩኝና «ያኛውን ቤት ተውከው አይደል?» አሉኝ።