«ምስጢር አወጣ» በእንግሊዝኛ፦ ትክክለኛውን ቃል እንዴት እንምረጥ?

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳነሳ ወገቤን ያመኝ ነበር። ዝም ብዬ ከምሰቃይ ለአለቃዬ ልንገራት ብዬ ወሰንኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ንግግሬን አዘጋጀሁ፤ መዝገበ ቃላት አወጣሁ፣ «ገለጠ» የሚለውን ፈለግኩ፣ ከተደረደሩት ውስጥ ኤክስፖዝ የሚለው ደስ አለኝ፣ አጭር ነው፣ ለአፍም ይመቻል። በማግስቱ ቢሮዋ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ (ይቺን ልብ በሉልኝ)። ከዚያ «አይ ዋንት ቱ ኤክስፖዝ ማይሰልፍ ቱ ዩ» አልኳት።

ሴትዮዋ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ሸሸች።

ለካ ኤክስፖዝ ማይሰልፍ ማለት ሰው ፊት ሱሪ አውልቆ መቆም ነው። ፖሊስ ያስጠራል። እኔ ችግሬን ልገልጥላት ገብቼ፣ እሷ የሰማችው ገላዬን ልገልጥላት እንደሆነ ነው። ደግነቱ ወገቤን ይዤ ቆሜ ስለነበር ነገሩ ቶሎ ገባት፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ባየችኝ ቁጥር ትስቅ ነበር። የፈለግኩት ቃል ዲስክሎዝ ነበር።

እንግሊዝኛ ውስጥ የተደበቀ ነገር ለማውጣት የሚያገለግሉ ቃላት ብዙ ናቸው። መዝገበ ቃላቱ አብዛኞቹን «ገለጠ፣ ይፋ አወጣ» ብሎ ያልፋቸዋል፣ እኛም እንወድቃለን። እያንዳንዱ ቃል ሆዱ ውስጥ ፍርድ ይዟል፦ ማን አወጣው፣ የማንን ምስጢር፣ አስፈቅዶ ነው ወይስ ደብቆ፣ አስቦ ነው ወይስ አምልጦት። እኔ እንዴት እንደምመርጥ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ፦ እንግሊዝኛውን ተዉትና በአማርኛ አስቡት

አማርኛችን በዚህ ነገር ሀብታም ነው። ገለጠ፣ ይፋ አደረገ፣ አጋለጠ፣ አሾለከ፣ ዘከዘከ፣ ለፈለፈ፣ አሳበቀ፣ ጠቆመ፣ አመነ፣ ተናዘዘ፣ ከአፉ አመለጠው። አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገቡት ወዲያው ጆሮ ይቆረቁራል። «ሚኒስቴሩ የዘንድሮውን በጀት ዘከዘከ» አይባልም። «ጎረቤታችን ልጇ መውለዷን አጋለጠች» ብትሉማ፣ አባትየው ማን ነው የሚል ወሬ ሰፈሩን ይሞላዋል። ጆሮው አላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልክ የሆነውን የአማርኛ ግስ ያዙ፤ እንግሊዝኛው እሱን ተከትሎ ይመጣል።

ሁለተኛ፦ የተናገረው ባለቤቱ ራሱ ነው?

ባለቤቱ ራሱ ከተናገረ፣ አልያም መናገር ግዴታው ሆኖ ካሳወቀ፣ ዲስክሎዝ ነው። ይህ የወረቀትና የቢሮ ቃል ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ሳታስተውሉት ደጋግማችሁ ፈርማችሁበታል። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ስትከራዩ ወይም ስትገዙ፣ ባለቤቱ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ መኖሩን የሚያውቅ ከሆነ የመናገር ግዴታ አለበት፤ ያቺ ከውሉ ጋር የምትመጣው ወረቀት ስሟ ዲስክሎዠር ነው። ሥራ ስትቀጠሩ ደግሞ የድርጅቱን ምስጢር ላለማውጣት የምትፈርሙት ነን-ዲስክሎዠር አግሪመንት አለ። አንድ ሰው ስለ ሕመሙ ለአሠሪው ሲናገርም ዲስክሎዝ አደረገ ይባላል። እንደ እኔ አይነቱ ካልሆነ በቀር።

የዲስክሎዝ የቅርብ ዘመድ ዲክሌር ነው። ኤርፖርት ላይ «ኤኒቲንግ ቱ ዲክሌር?» ሲሏችሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ራሳችሁ ተናገሩ ማለታቸው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል። ወደ አሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መግባት አይከለከልም፣ ወንጀሉ አለመናገሩ ነው። እናቴ የላከችልኝ በርበሬና ሽሮም እንደዚያው፦ ተናገሩ፣ ያዩታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፉታል። ደብቃችሁ ከተገኘ ቅጣት አለው።

ሪቪል ለየት ይላል። ሥሩ የላቲን ነው፤ መጋረጃ ወይም መሸፈኛ ከሚል ቃል የመጣ ስለሆነ መጋረጃውን መግፈፍ እንደማለት ነው። የዮሐንስ ራእይ በእንግሊዝኛ ሬቨሌሽን የሚባለውም ከዚሁ ሥር ነው። ሪቪል ውስጥ ሁልጊዜ ተመልካች አለ፣ «ኧረ!» የሚል ሰው አለ። አሁን የእኛም ሰዎች የተያያዙትን፣ የሚወለደው ልጅ ወንድ ይሁን ሴት የሚታወቅበትን፣ ጀንደር ሪቪል የሚባለውን ድግስ አስቡት፣ ፊኛ ፈንድቶ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ሲበተን፣ አክስቶች እልል ሲሉ። እዚያ ድግስ ላይ ዲስክሎዝ ብትሉ የኢንሹራንስ ቅጽ ይመስላል። በነገራችን ላይ ሪቪሊንግ ድሬስ ማለት ሰውነት የሚያሳይ ቀሚስ ነው፤ ለእህታችሁ እያደነቃችኋት መስሏችሁ እንዳትሉት።

ድርጅት አዲስ ዕቃ ሲያሳይ ወይም ሐውልት ሲመረቅ አንቬይል በሉ። ዝም ብሎ ዜና ከሆነ አናውንስ ይበቃል።

ዳይቨልጅ የሚባል ከበድ ያለ ቃልም አለ። ሥሩ «ተራው ሕዝብ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ለሕዝብ መበተን እንደማለት። በብዛት የምታገኙት ከእምቢታ ጋር ነው፦ «ሂ ሪፊውዝድ ቱ ዳይቨልጅ ዘ ኔም»፣ ስሙን አልናገርም አለ። በቡና ወሬ መሀል ከተናገራችሁት ጠበቃ ትመስላላችሁ።

ሦስተኛ፦ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከወጣ

ነገሩ የሚከርረው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም የምትመርጡት ቃል ከማን ወገን እንደቆማችሁ ይናገራል።

ሊክ በቀጥታ ትርጉሙ ማፍሰስ፣ ማንጠባጠብ ነው፤ የቧንቧ ቃል ነው። የእኛ ጋዜጠኞች «አፈትልኮ የወጣ ሰነድ» የሚሉት ልክ እሱ ነው። ሊክ የሚያደርገው የውስጥ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም ስሙን ደብቆ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዳንኤል ኤልስበርግ ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፈውን ምስጢራዊ የፔንታገን ጥናት ለኒውዮርክ ታይምስ ሰጠ፤ ሊክ ነው። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካን የስለላ ሰነዶች ለጋዜጠኞች ሰጠ፤ ይሄም ሊክ ነው። ከውጭ መጥቶ ሰብሮ የወሰደ ግን ሃክ ነው ያደረገው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2016 የፓናማ ፔፐርስ የተባሉት፣ የሀብታሞችን ስውር የውጭ ድርጅቶች የሚያሳዩ 11.5 ሚሊዮን ሰነዶች ሲወጡ ጋዜጠኞቹ ሊክ አሉት፣ ሰነዱ የወጣበት የጠበቆች ድርጅት ደግሞ ከውጭ ሃክ ተደረግን አለ። ሊክ ከሆነ ከውስጥ የተቃወመ ሰው አለ ማለት ነው። ሃክ ከሆነ ድርጅቱ የተዘረፈ ምስኪን ይሆናል። በአንድ ቃል ነው የተከራከሩት።

ኤክስፖዝ ማጋለጥ ነው። የሚጋለጠው ነገር መጥፎ መሆን አለበት፦ ሌብነት፣ ውሸት፣ ማጭበርበር። የበጎ አድራጎት ሥራ አይጋለጥም። ለፀሐይ፣ ለበሽታ መጋለጥም ኤክስፖዝድ ነው፣ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ተምረነዋል። ማይሰልፍን አጠገቡ አታስጠጉት፣ የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

ዊስልብሎወር ቀጥሎ ይመጣል፣ ፊሽካ ነፊ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጥፋት አይቶ ለሕግ ወይም ለሕዝብ የሚናገር ሰው ነው፣ ቃሉም ክብር አለው። አሜሪካ በ1989 እነዚህን የመንግሥት ሠራተኞች የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። እኛም ጋ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ሕጉ የመረጠው ቃል «ጠቋሚ» ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ አልወደውም። የደርግን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ጠቋሚ ማለት ጎረቤቱን አሳልፎ የሰጠ ነው። ዊስልብሎወር ደግሞ ያ ጥላ የለበትም። ስትተረጉሙ ይሄን አስቡበት፤ እኔ «ብልሹ አሠራር ያጋለጠ ሠራተኛ» ብዬ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ያው ሰው በጠላቶቹ አፍ ስኒች ይሆናል። አሳባቂ ማለት ነው። እዚህ ያደጉ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ ትንሹ ወንድም ለእማዬ ከተናገረ ስኒች ነው። የሕፃናቱ ቃል ደግሞ ታትል ነው። ዊስልብሎወር ያሉትን ሰው ስኒች ብትሉት ትርጉሙ ሳይሆን ወገናችሁ ነው የተቀየረው።

አራተኛ፦ አምልጦት ከሆነ

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሌት ስሊፕ ነው። «ሺ ሌት ኢት ስሊፕ»፣ አመለጣት። ድንገተኛ የልደት ድግስ አዘጋጅታችሁ አንዱ ወዳጃችሁ ለባለልደቱ «ቅዳሜ እንገናኝ» ካለው፣ ሂ ሌት ዘ ካት አውት ኦፍ ዘ ባግ። ድመቷን ከከረጢት ለቀቃት። አባባሉ ቢያንስ ከ1760 ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። ገበያ ላይ አሳማ ነው ብለው ድመት ሲሸጡ ነው የመጣው የሚል ተረት በየቦታው ይነገራል፣ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም፣ ስለዚህ እንደ ታሪክ አታስተምሩት።

እኔ የምወደው ስፒል ዘ ቢንስ ነው። ቃል በቃል ባቄላውን አፈሰሰ። ፈረንጆቹ ለምን ባቄላ እንደሆነ ይከራከራሉ፤ እኛ ግን ማብራሪያ አያስፈልገንም፣ ምክንያቱም «ዘከዘከው» ብለን ያው እህል ከስልቻ የምናፈስበትን ቃል ለምስጢር እንጠቀምበታለን። ልዩነቱ፦ ዘከዘከ ሁሉንም ነገር፣ እስከ ታች፣ ያለ ርኅራኄ ማውጣት ነው። ስፒል ዘ ቢንስ አንድ ምስጢር ብቻ ለማውጣትም ይሆናል። ወጣቶቹ አሁን ስፒል ዘ ቲ ይላሉ፣ «ወሬውን አፍስሺው» እንደማለት፤ ለጓደኛ እንጂ ለአለቃ አይሆንም።

አንዳንዴ የሚያመልጠው ከአፍ አይደለም። ፊት ነው። «ፊቱ ያሳብቅበታል» የምንለውን እንግሊዝኛው «ሂዝ ፌስ ጊቭስ ሂም አዌይ» ይለዋል፤ በመጽሐፍ ቋንቋ ቢትሬይ ይገባበታል።

አምስተኛ፦ የራሱን ጥፋት ከሆነ

አድሚት አመነ ነው። ትንሽም ትልቅም ጥፋት ይችላል፣ «ተሳስቻለሁ» ማለትም አድሚት ነው። ኮንፌስ ተናዘዘ ነው፤ ካህን ወይም ፖሊስ ፊት የሚባል። ከም ክሊን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲዋሽ የኖረ ሰው በመጨረሻ ሲያወጣው ነው። ትዳር ውስጥ በብዛት የምትሰሙት ይሄኛውን ነው፣ አላህ ይሁን እግዜር ይጠብቃችሁ።

ስድስተኛ፦ «ል»ን እና «ብ»ን ተመልከቱ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ቃሉን ከመረጥን በኋላ ነው። «ምስጢሩን ገለጠልኝ» ለማለት «ሂ ሪቪልድ ሚ ዘ ሲክሬት» እንላለን። ስህተት ነው። እዚህ ጋ አማርኛ ያድናችኋል። «ገለጠልኝ» ውስጥ ያለችው «ል» በእንግሊዝኛ ቱ ናት፦ «ሂ ሪቪልድ ዘ ሲክሬት ቱ ሚ»። ዲስክሎዝ፣ ዳይቨልጅ፣ ሊክ፣ ኮንፌስ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው፣ የሰማው ሰው ፊት ቱ ትገባለች። «አሳበቀብኝ» ውስጥ ያለችው «ብ» ደግሞ ኦን ናት፦ «ሂ ስኒችድ ኦን ሚ»፣ «ሺ ቶልድ ኦን ሚ»። «አጋለጠኝ» ላይ «ል»ም «ብ»ም የለም፣ ስለዚህ እንግሊዝኛውም ባዶውን ይሄዳል፦ «ሂ ኤክስፖዝድ ሚ»። «ቶልድ ሚ» እና «ቶልድ ኦን ሚ» በአንዲት ቃል ነው የሚለያዩት፤ አንደኛው ነገረኝ ነው፣ ሁለተኛው አስያዘኝ።

ለመለማመድ አንድ ታሪክ ውሰዱና ግሶቹን ቀያይሩ

እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደውን ቅሌት፣ ዋተርጌትን ነው፣ ሁሉም ቃል እዚያ ውስጥ ቦታ ስላለው። የኤፍ ቢ አይ ሁለተኛ ሰው የነበረው ማርክ ፌልት በድብቅ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኛ መረጃ ይሰጥ ነበር፦ ሊክድ። ጋዜጣው የኋይት ሀውስን ሽፍንፍን አወጣው፦ ኤክስፖዝድ። ጋዜጠኞቹ የመረጃ ምንጫቸውን ስም ከ30 ዓመት በላይ አልተናገሩም፦ ሪፊውዝድ ቱ ዳይቨልጅ። ፌልት በ2005፣ በ91 ዓመቱ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ አለ፦ ሪቪልድ፤ ዓለም ሁሉ «ኧረ!» ብሏልና። ለአንዳንዱ አሜሪካዊ ዊስልብሎወር ነው፣ ለኒክሰን ሰዎች ስኒች ነው፣ ሁለቱንም ጻፉና አረፍተ ነገሩ እንዴት እንደሚዞር እዩት።

ስለ ኒክሰን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። በነሐሴ 1974 ከሥልጣን ወረደ፣ አንዳንድ ውሳኔዎቼ ስህተት ነበሩ ብሏል። አድሚትድ ሚስቴክስ በሉ። አንድ ተማሪዬ ኮንፌስድ ብሎ ጻፈና በቀይ አሰመርኩበት፤ ወንጀል ሠርቻለሁ ብሎ አያውቅማ።