የራስን ተምሳሌታዊ ምስል በዘይት ቀለም መሳል፦ ጎንደር ላይ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፊቱ ቁርጥ እናንተን ይመስላል፣ የሚያየው ሁሉ ግን «ምነው ክፉ ሰው አስመሰልከው» ይላል

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፊቱ በጎን መሳሉ ነው፤ ከፎቶ ስትሠሩ በተለይ ይህ ያጋጥማል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን በሁለት ዓይን ይሳላሉ፣ ከሃድያንና አጋንንት በጎን፣ በአንድ ዓይን። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ እያየ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ያነበዋል። ስለዚህ በመስታወት ሥሩ፤ ፊታችሁን ጥቂት ብቻ ዘወር አድርጉና ሁለቱም ዓይኖች ይታዩ። ሥዕሉ ስለ ጥፋት ወይም ስለ ጸጸት የሚናገር ከሆነ ግን አንድ ዓይኑን አትፍሩት። አያቶቻችን ያወረሱን ይህን የሚያህል ብርቱ ተምሳሌት ሳይታሰብበት መባከን የለበትም።

ከራሳችሁ ኋላ ግድግዳው ላይ ሰፌድ ተሰቅሎ ከሆነም አክሊለ ብርሃን መስሎ ይነበባል። ወደ ትከሻ ዝቅ አድርጉት።

ተምሳሌቶቹ ይታያሉ፣ ሰውየው ጠፍቷል

የፋሲል ግንብ፣ ጀበና፣ መስቀል፣ በገና አንድ ሸራ ላይ ሲታጨቁ ስለ ከተማው ይናገራሉ እንጂ ስለ እናንተ አይናገሩም። እጃችሁ የለመደውን አንድ ዕቃ አስቀሩና ሌላውን ፍቃችሁ አንሱ። ግንቡን መተው ካቃታችሁ ዘወትር የምታልፉበትን አንድ በር ብቻ ሳሉ። የዕቃውን ጠርዝ አለስልሱ፤ ጥርት ያለው መስመር ለዓይን ይቆይ።

የፊቱ ጥላ በየሰዓቱ ይለዋወጣል

የአውሮፓ መጻሕፍት በሰሜን መስኮት ሥሩ ይላሉ፤ እዚያ ፀሐይ በቀጥታ አትገባበትም። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በእነዚህ ወራት ወደ ደቡብ መስኮት ዙሩ፤ ከሌለ መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ጋርዱ።

ቆዳው አመዳም ሆነ

ነጭ በዝቶበታል። ጠይም ፊት ላይ ብርሃኑን በኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም) እና በጥቂት ቀይ አንሱ፣ ጥላውን በጥቁር ቡናማና በሰማያዊ አጥልቁ። ንጹሕ ነጭ ዓይን ውስጥ ላለችው ነጥብ ይበቃል።

ቀለሙ አልደርቅ አለ፣ ወይም ተሰነጠቀ

የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውኃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ነው፤ የክረምት ብርድና እርጥበት ያዘገየዋል። የወጥ ቤት ፓልም ዘይት ከተቀላቀለበት ደግሞ ተስፋ የለውም፣ ፍቃችሁ እንደገና ጀምሩ። ስንጥቁ የሚመጣው ላይኛው ቅብ ከታችኛው ቀድሞ ሲደርቅ ነው። የመጀመሪያውን ቅብ በተርፐንታይን አቅጥኑት፣ የተልባ ዘይቱን ወደ ላይ ስትሄዱ ጨምሩ። ሥዕሉን ጨለማ ክፍል አታስቀምጡት፣ ዘይቱ ቢጫ ይሆናል።

የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትተዉ፣ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።