ከግቢ ሆኖ ሰማይን በቴሌስኮፕ ለመመልከት

ቴሌስኮፕ ከገዙ ወይም በስጦታ ካገኙ በኋላ ሁለት ሦስት ምሽት ሞክረው መሣሪያውን ቁም ሣጥን ጀርባ የሚያስቀምጡት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው መሣሪያው ላይ ሳይሆን የጠበቁት ነገር ላይ ነው። በየመጽሔቱ የምናያቸው ደማቅ ቀለም ያላቸው የኔቡላ (በሕዋ ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) እና የጋላክሲ (የእጅግ ብዙ ከዋክብት ስብስብ) ፎቶግራፎች፣ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን እያጠራቀመ ያነሣቸው ናቸው፤ የሰው ዓይን ግን ብርሃንን እንደዚያ ማከማቸት ስለማይችል፣ በመጠነኛ ቴሌስኮፕ የሚታየው አብዛኛው የሩቅ ሰማይ ነገር ትንሽ፣ ደብዛዛና ግራጫ ነው። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ ከዚያ ሩቅ ቦታ የተነሣው ብርሃን ራሱ መጥቶ ጉዞውን በእርስዎ ዓይን ውስጥ ይጨርሳል። እኔን ለዓመታት በምሽት ከቤት ሲያስወጣኝ የኖረው ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም አንድ መጠነኛ ቴሌስኮፕና ጥቂት ሰማይ የሚታይበት ግቢ ያለው ሰው፣ ዓይኑን ቀስ በቀስ እንዴት ማሠልጠን እንደሚችል ነው።

ገና መሣሪያ ላልገዛ ሰው የምመክረው በቅድሚያ ጥቂት ሳምንታት በባዶ ዓይኑ እንዲመለከት ነው። በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚወጣ ሰው፣ ከዋክብት ከትናንት ይልቅ ዛሬ አራት ደቂቃ ያህል ቀድመው እንደሚወጡ፣ በመካከላቸውም ቦታቸውን ቀስ እያሉ የሚለውጡና እንደ ሌሎቹ የማይርገበገቡ ጥቂት ብርሃናት እንዳሉ ራሱ ይደርስበታል። እነዚህ ፕላኔቶች ናቸው፤ ስማቸውን ለማወቅ በስልክ ላይ የሚጫን የሰማይ ካርታ ይበቃል።

መግዛቱ ሲደርስ፣ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «500 ጊዜ ያጎላል» የሚል ማስታወቂያ አይመኑት። የቴሌስኮፕ ዋናው አቅሙ ብርሃን የሚሰበስብበት የፊት ሌንስ ወይም የውስጥ መስታወት ስፋት ነው። በጨለማ የተከፈተ የዓይን ብሌን ስፋቱ ቢበዛ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 70 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሌንስ የዚህን መቶ እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል፤ የ150 ሚሊሜትር መስታወት ደግሞ ከ450 እጥፍ በላይ ይሰበስባል። ማጉላትን የሚወስነው ዓይናችንን የምናስጠጋበት ትንሹ ሌንስ ሲሆን ስሌቱም ቀላል ነው፤ የቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት፣ ማለትም ከሌንሱ ወይም ከመስታወቱ አንሥቶ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት፣ ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርዝመት ይካፈላል። የትኩረት ርዝመቱ 650 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ25 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ 26 ጊዜ፣ በ10 ሚሊሜትር ደግሞ 65 ጊዜ ያጎላል። የማጉላቱ ቁጥር በሚሊሜትር ከተለካው የፊት ስፋት ሁለት እጥፍ ሲያልፍ፣ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ የሚጨመር ዝርዝር የለም።

በሌንስና በመስታወት ከሚሠሩት የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ሊወስድብዎ አይገባም። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው ዓይነት የመስታወት ቴሌስኮፕ በተመሳሳይ ገንዘብ ሰፋ ያለ ስለሚገኝ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ይልቅ ማቆሚያውን አጥብቀው ይመርምሩ። ቱቦውን በጣት መታ ሲያደርጉት ምስሉ ለብዙ ሴኮንዶች የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሌንሱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ምሽቱ በብስጭት ያልፋል። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ አፍቃሪ ጆን ዶብሰን ያስለመደው፣ በቀጥታ መሬት ላይ የሚቀመጥና ቱቦው በእጅ እየተገፋ ወደላይ፣ ወደታችና ወደ ጎን የሚዞርበት የሣጥን ማቆሚያ ለጀማሪ ከቀጭን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ እጅግ የተሻለ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው በቀን ነው። ከቱቦው ጎን የተገጠመችው ትንሿ ማነጣጠሪያና ቴሌስኮፑ አንድ ነጥብ ላይ ካላነጣጠሩ፣ ማታ ጨረቃን እንኳ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በቀን ብርሃን ቢያንስ ጥቂት መቶ ሜትር የሚርቅ የምሰሶ ጫፍ ይምረጡ፤ ዝቅተኛውን ማጉያ ገጥመው ጫፉን በምስሉ መካከል ያስገቡ፤ ከዚያም ቱቦውን ሳያንቀሳቅሱ የማነጣጠሪያዋን ብሎኖች እያዞሩ ያው ጫፍ በእሷም መካከል እንዲውል ያድርጉ። በመስታወት ቴሌስኮፕ ምሰሶው ተገልብጦ ቢያዩት አይደንግጡ፤ ሰማይ ላይ ላይና ታች የሚባል ነገር ስለሌለ ምንም አያጎድልም።

በዚህ የቀን ሥራ ላይ ግን አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ቴሌስኮፑም ሆነ ማነጣጠሪያዋ ፈጽሞ ወደ ፀሐይ አይዙሩ። በቴሌስኮፕ ተሰብስቦ የሚመጣ የፀሐይ ብርሃን ዓይንን በቅጽበት፣ ያለ ምንም የሕመም ምልክት፣ መልሶ ሊድን በማይችል ሁኔታ ይጎዳል። ፀሐይን ለማየት የሚያገለግል ማጣሪያ የሚገጠመው በቱቦው ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። በዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመዱት ትንንሽ የፀሐይ ማጣሪያዎች በሙቀት ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ከመሣሪያው ጋር ቢመጡም እንኳ ይጣሉ። ሕፃናት ባሉበት ግቢ ቴሌስኮፕን በቀን ትቶ መግባት አይገባም።

ማታ ከግቢው ውስጥ የሚመረጠው ቦታ፣ የመንገድ መብራት በቀጥታ የማያገኘው ጥግ ነው። የሰማዩ ብርሃን ባይቀርም፣ ዓይንን በቀጥታ የሚወጋው መብራት በግድግዳ ወይም በዛፍ መከለሉ ብቻ ብዙ ይለውጣል። ቀን የጋለ ጣሪያና ሲሚንቶ ማታ ሙቀቱን ስለሚተፋ፣ በእነሱ አናት ላይ የሚታይ ፕላኔት በጅረት ሥር እንዳለ ጠጠር ይርገፈገፋል፤ ሣር ወይም አፈር ይሻላል፤ ኢላማውም ከፍ ባለ መጠን ምስሉ ይረጋል። ቴሌስኮፑ ራሱም ከቤት ሙቀት ወጥቶ ከውጭው አየር ጋር እስኪስማማ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ፣ ከራት በፊት አውጥቶ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። የሰው ዓይንም ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዚህ መካከል አንድ ጊዜ የስልክ ብርሃን ካዩ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ካርታ ለማየት በቀይ ላስቲክ ወይም ጨርቅ የተሸፈነ ደካማ የእጅ ባትሪ ይጠቀሙ፤ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙም አያውክም።

የመጀመሪያው እንግዳ ጨረቃ ትሁን። ሆኖም ጠፍ ጨረቃ ለመንገደኛ እንጂ ለቴሌስኮፕ አይመችም፤ ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራት ጥላ አይኖርም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ተራራውም ጉድጓዱም ጠፍጣፋ ይመስላል። የሚሻለው ግማሽ ልትሆን ስትቃረብና ግማሽ ከሆነች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ማየት ነው። በዚያ መስመር ላይ ፀሐይ እየወጣች ስለሆነ ትንሹ ኮረብታ ሳይቀር ረጅም ጥላ ይጥላል። መስመሩ በጨረቃ ወገብ አካባቢ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ የሯጭ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ታግሦ የተቀመጠ ሰው የፀሐይን መውጣት በዓይኑ ይከታተላል።

ጨረቃ ዘጠኝ ቀን ያህል በሆናት አንድ ምሽት፣ 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ኮፐርኒከስ በሚባለው ጉድጓድ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበር። ዙሪያው እንደ ቀለበት በርቷል፤ ውስጡ ግን ቀለም የተደፋበት ይመስል ጥቁር ነው። ጥቂት ቆይቶ በጥቁሩ መካከል የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ብቅ አለች፤ ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁ፤ አለች። ከጉድጓዱ ወለል ከሚነሡት ተራሮች የአንዱ አናት የዚያን ቀን የመጀመሪያውን ፀሐይ ማግኘቱ ነበር። ሻይ አፍልቼ ስመለስ ከጎኗ ሁለተኛ ነጥብ ተጨምሮ ነበር፤ ወለሉ ግን ገና ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን ቦታ መርጦ አንድ ሰዓት መቀመጥ፣ በአንድ ሰዓት ሃያ ቦታ ከማካለል እንደሚበልጥ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ከጨረቃ ቀጥሎ ትዕግሥትን የሚክሰው ጁፒተር ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 በአጠገቡ ያያቸው አራት ጨረቃዎች፣ አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ፣ ዛሬ በትንሹ ቴሌስኮፕም በአንድ መስመር የተደረደሩ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ። በወረቀት ላይ አንድ ክብ ሠርተው ነጥቦቹ ያሉበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፤ በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሳምንት ውስጥ የሚዞሩ መሆናቸውን ራስዎ ያረጋግጣሉ። ከአራቱ ለጁፒተር ቅርብ የሆነው አዮ ዙሩን የሚጨርሰው በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ምሽት እንኳ ቦታው ሲለወጥ ይታወቃል።

ከሁሉም የምወደው አዮ ወደ ጁፒተር ጥላ ሲገባ ማየትን ነው። የሚገባበትን ሰዓት የሰማይ ካርታዎች አስቀድመው ይነግራሉ። ነጥቧ እንደ ወትሮው ታበራለች፤ ከዚያ ዘይቱ እንዳለቀ ኩራዝ ትደክማለች፤ በሦስት በአራት ደቂቃ ውስጥ ደብዛዋ ይጠፋል። ኦለ ሮመር የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ ይህንኑ ክስተት ሲከታተሉ የነበሩ ሰዎችን መዝገብ መርምሮ፣ ምድር ከጁፒተር ስትርቅ ግርዶሹ ከተሰላው ሰዓት እንደሚዘገይ፣ ስትቀርብ ደግሞ እንደሚቀድም አስተዋለ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1676 ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚፈጅበት አስረዳ። በግቢ ውስጥ ሰዓት ይዞ የአዮን መጥፋት የሚጽፍ ሰው ያንኑ ሥራ እየሠራ ነው።

ሳተርን በ30 ወይም በ40 ጊዜ ማጉላት እንኳ ቀለበቱን ያሳያል፤ የቀለበቱ ዝንባሌ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ በየ15 ዓመቱ ገደማ በጠርዙ ዞሮ እንደ ክር ይቀጥናል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የሆነውም ይኸው ነው። አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ ትታያለች። ማርስ ግን ወደ እኛ የሚቀርበው በየ26 ወሩ ገደማ ብቻ ስለሆነ በሌላው ጊዜ ትንሽ ቀይ ነጥብ ከመሆን አያልፍም።

ከፕላኔቶች ባሻገር ላለው ሰማይ ሌላ ዓይነት አስተያየት ያስፈልጋል። የዓይናችን መካከለኛ ክፍል ቀለምንና ዝርዝርን ሲያይ፣ ደብዛዛ ብርሃንን አጥርቶ የሚያየው ግን በዙሪያው ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ ደብዛዛ ነገር ሲፈልጉ በቀጥታ አያፍጥጡበት፤ ከጎኑ ጥቂት ራቅ ያለ ቦታ እያዩ ልብዎን ግን እሱ ላይ ያድርጉ። ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ፣ መታጠቂያ ከሚባሉት ሦስት ከዋክብት ሥር ባለው ሰይፍ መካከል ያለውን ኔቡላ በዚህ መንገድ ይሞክሩት። መጀመሪያ አራት ጥቃቅን ከዋክብት ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ከዚያ በዙሪያቸው ያለው ጉም ክንፉን እየዘረጋ ይሰፋል፤ ጉሙ ሳይሆን የእርስዎ ዓይን ነው የተከፈተው። ከዚያ የሚመጣው ብርሃን 1,300 ዓመት ያህል ተጉዟል። የሰባቱ ከዋክብት ዘለላ በዝቅተኛው ማጉያ ሲታይ ከሰባት አልፎ በብዙ ደርዘን ይቆጠራል። አልቢሬዮ የተባለው ኮከብ በባዶ ዓይን አንድ ሲመስል በቴሌስኮፕ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወርቃማ ሌላው ሰማያዊ ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከሁሉም ደብዛዛ ቢሆንም ብርሃኑ 2.5 ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ መሆኑን እያሰቡ ያዩት እንደሆነ፣ ከፊቱ ለመነሣት ይከብዳል።

ምድር ስለምትዞር ሁሉም ነገር ከምስሉ ውስጥ ይንሸራተታል፤ በ65 ጊዜ ማጉላት ከዳር እስከ ዳር ለማለፍ ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ለሌላ ሰው ተራ ሲሰጡ ኢላማውን በሚገባበት በኩል ጠርዝ ላይ ቢያስቀምጡት፣ ተረኛው እስኪጠጋ መካከል ይደርስለታል። ሕፃናት ትንፋሻቸው ሌንሱን ጉም እንዳያለብሰው በአፍንጫቸው ቀስ ብለው እንዲተነፍሱ ያስተምሯቸው። «ታየህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁልጊዜ «አዎ» የሚል መልስ ያገኛል፤ «ምን ይመስላል?» ብለው ከጠየቁት ግን ልጁ በእርግጥ ማየት ይጀምራል። ለራስዎም ደብተር ይያዙ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የገጠሙትን ሌንስና ያዩትን በሁለት መስመር ይጻፉ፤ ሥዕል የማይችል ሰውም ቢሆን በእርሳስ ይሞክር፤ እጅ ሊሥል ሲነሣ ዓይን ያላየውን ይፈልጋል።

ምሽቱ ሲያበቃ ሌንሱ ላይ ጤዛ ካዩ አይጥረጉት፤ አቧራው ሌንሱን ይጭረዋል። ቱቦውን አፉን ወደታች ዘንበል አድርገው፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ቤት ውስጥ ያሳድሩትና ጠዋት ደርቆ ሲያገኙት ይክደኑት።