አገልጋይ ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ድምፁ ያማረ ወጣት ባመነ በጥቂት ወራት ውስጥ የመዘምራን ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ሲቆም በየአጥቢያችን እናያለን። ብዙ ሰው የጎዳው የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው፤ ስጦታን እንደ ብስለት መቁጠር። ልጁ ሲዘምር ጉባኤው ያለቅሳል፤ ስለ ጸሎቱ፣ ስለ ገንዘብ አያያዙ፣ በቤቱ ከእናቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ግን የሚጠይቀው የለም። ጭብጨባውን ለምዶ ብቻውን ሲወድቅ ደግሞ ሁላችንም እንደነግጣለን። ጳውሎስ ስለ ኤጲስ ቆጶስ ሲጽፍ «አዲስ ክርስቲያን አይሁን» ያለው በትዕቢት እንዳይወድቅ ሰግቶ ነው። ጌታም አሥራ ሁለቱን የመረጠው አስቀድሞ አብረውት እንዲኖሩ፣ ከዚያም ለስብከት ሊልካቸው እንደሆነ ማርቆስ 3፥14 ይናገራል። እኛ አብሮ መኖሩን ዘልለን እንልካለን።

ሁለተኛው ስህተት ሁለት ፊት አለው። አንዱ «መንፈስ ቅዱስ ያስተምረኛል» እያለ ቃሉን ሳያጠና ለስብከት ይወጣል። በሐዋርያት ዘመን የነበረው ሰባኪ አጵሎስ በመንፈስ የሚቃጠል፣ መጻሕፍትንም የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሆኖም ጵርስቅላና ባሏ አቂላ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል ሲገልጡለት እሺ ብሎ ተማረ። ሌላው ደግሞ ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ዲፕሎማ ካልያዘ ማገልገል የሚችል አይመስለውም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ የውጭ ሚስዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው። እነዚያን ጥቂቶች ለምስክርነት ያበቃቸው ጸሎት፣ የሰሙትን ቃል መታዘዝና ስለ ስሙ የተቀበሉት መከራ ነው። ይህን የምለው ትምህርትን ለማቃለል አይደለም፤ የሚችል ይማር፣ አጥብቆም ይማር።

ወንበር መደርደርና ሕመምተኛ መጠየቅ ለሰባኪ እንደማይመጥን ማሰብም ስህተት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ማዕድ እንዲያገለግሉ የተመረጡት ሰባቱ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው መሆን ነበረባቸው።

ለሹመት እጅ ለመጫን መቸኮልም አለ። አንጾኪያ ውስጥ በርናባስና ሳውል (ጳውሎስ) ለመላክ የበቁት በዚያች ቤተ ክርስቲያን አንድ ዓመት ሙሉ ካስተማሩ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ጉባኤው ጾሞና ጸልዮ ሸኛቸው። የእኛ ሹመት ብዙ ጊዜ በአንድ የኮሚቴ ስብሰባ ያልቃል።

የመጨረሻው በጣም ያሳዝነኛል፤ አንድ ጊዜ የደከመን ሰው ፈጽሞ መተው። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ ከጵንፍልያ ጉዞውን ትቶ ተመልሷል። ጳውሎስ ዳግመኛ ሊወስደው አልፈለገም፤ በርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ኋላ ጳውሎስ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መስክሮ ይዞት እንዲመጣ የለመነው ይህንኑ ማርቆስን ነው። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከአገልግሎት ያሳረፋችሁት ወጣት ካለ ማን እየጎበኘው እንደሆነ በዚህ ሳምንት አጣሩ፤ ማንም ከሌለ ከመካከላችሁ አንዱ ይሂድ።