ልጅዎ የሰው መኪና ሲጎዳ ምን ያድርጉ?

ኳሱ ስፖኪዮ ሰብሮ ይሆናል። ወይ ብስክሌቱ በር ቧጭሯል። ወይ ደግሞ ልጁ ተናዶ በቁልፍ ጭሮታል። ወሬው ሲደርስዎ ቀድሞ የሚመጣው ቁጣ ነው። ለጊዜው ይቆይ።

1. መጀመሪያ ልጁን ይስሙት። ለብቻው አስቀምጠው፣ ሳያቋርጡ። አብሮት ማን ነበር? ሳያስበው ነው ወይስ ሆን ብሎ? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ኪስዎን ይነካል። ቤተሰብዎ በሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ ቢኖርዎትም፣ ሆን ተብሎ ለደረሰ ጉዳት ብዙዎቹ አይከፍሉም።

2. ልጁን ይዘው ወደ ባለመኪናው ይሂዱ። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ብቻውን ሄዶ ከፍሎ ይመለሳል፤ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ተደብቆ ነገሩ ያልፋል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» የሚለው ቃል ከልጁ አፍ ይውጣ። እርስዎ ከጎኑ ይቁሙ እንጂ አይናገሩለት። ድምፁ ቢንቀጠቀጥም ይጨርስ። ባለመኪናው ቢቆጣ መልስ አይስጡ፤ የተጎዳው እሱ ነው። ባለቤቱ ከሌለ ስምና ስልክ ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ተዉለት።

ይቅርታ መጠየቅና ገንዘብ ቃል መግባት ግን ለየቅል ናቸው። የእርስዎን ኢንሹራንስ ሳይጠይቁ «ሁሉንም እከፍላለሁ» አይበሉ። ኩባንያው ሳያውቅ ቃል መግባትን የሚከለክሉ ውሎች ብዙ ናቸው።

3. ፎቶ ያንሱ። ከሩቅም ከቅርብም። የቆየ ጭረት ካለ እሱም ይግባ።

4. ጉዳቱን ይለኩ። ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ ቀስ ብለው ይጎትቱ። ካልያዘው ምናልባት በፖሊሽ ይጠፋል። ከያዘው ቀለም መቀባት ሳያስፈልገው አይቀርም። ከሁለት ጋራዥ የጽሑፍ ዋጋ ይጠይቁ። የአንድ በር ጭረት ዋጋው ቢያስደነግጥዎ ቶሎ «አጭበረበሩኝ» አይበሉ። ቀለሙ እንዲመሳሰል አጠገቡ ያለውም በር አብሮ ሊቀባ ይችላል። ፓራውልት ውስጥም ሴንሰር ሊኖር ይችላል፤ ከጥገናው በኋላ እንደገና መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

5. ሕጉን ይወቁ። ከአገር አገር በጣም ይለያያል። በፈረንሳይ ወላጅ «በሚገባ ነው ያሳደግኩት» ብሎ ከክፍያ አያመልጥም። ፍርድ ቤቶቹ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ይህን መከራከሪያ አይቀበሉም። በጀርመን ደግሞ ተገቢውን ክትትል ማድረጉን ያስረዳ ወላጅ አይጠየቅም፤ ልጁ ራሱ ግን ሊጠየቅ ይችላል። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

6. ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ ይጠንቀቁ። የባለመኪናው ኢንሹራንስ ጥገናውን ከሸፈነ፣ ኩባንያው ያወጣውን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ለባለመኪናው ከመክፈልዎ በፊት ለኢንሹራንሱ አመልክቶ እንደሆነ ይጠይቁት። ሲከፍሉ ደረሰኝ ይያዙ። «ለዚህ ጉዳት ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል የተፈረመ ወረቀትም ይቀበሉ። ባለመኪናው ጎረቤትም ዘመድም ቢሆን ያስፈርሙ።

7. የልጁን ድርሻ ይወስኑ። ሙሉውን እሱ ላይ አይጫኑት፤ ማለቂያ የሌለው ዕዳ ተስፋ ያስቆርጠዋል። የሚችለውን ያህል በየወሩ ይክፈል፣ ከኪስ ገንዘቡ ወይም በሥራ። ቀሪውን ወረቀት ላይ ጽፎ እሱ ራሱ ይከታተል። መኪናው ተጠግኖ የሚወጣ ቀንም ጋራዥ ይዘውት ይሂዱ፣ ያበላሸው በር እንዴት እንደሆነ በዓይኑ ይየው።