አዲስ ሰው ሁሉ አንድ ሰርቨር ላይ ሲከማች፦ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ሆኜ አንዲት ትንሽ የማስቶዶን ሰርቨር አስተዳድራለሁ። ማስቶዶን በተለያዩ ሰዎች የሚተዳደሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚገናኙ ብዙ ሰርቨሮች ያሉት ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከእንጅባራ ሰው ስጋብዝ ደጋግመው የሚገጥሙኝ ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ምልክት፦ ተጋባዡ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ከተመዘገበም ትልቁ ሰርቨር ላይ ነው።

ምክንያት፦ የሰርቨሮች ረጅም ዝርዝር ልከንለታል። አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር ዝርዝሩን አይቶ ደወለልኝና «ይሄን ሁሉ ተወውና አንተ ያለህበትን ስጠኝ» አለኝ። ልክ ነበር። ገና ያልገባበትን ነገር አማርጥ ማለት ማስቸገር ነው። ይፋዊው መተግበሪያም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ትልቁን ሰርቨር፣ ማስቶዶን ሶሻልን ያስቀድማል፤ ሌላ መምረጥ ቢቻልም አዲስ ሰው ቀድሞ የቀረበለትን ይነካል።

መፍትሄ፦ የመጋበዣ ሊንክ ላኩ። አስተዳዳሪው ከፈቀደ ማንኛውም አባል ሊያወጣው፣ ለ10 ሰው ወይም ለአንድ ሳምንት ብቻ ብሎ ሊገድበው ይችላል። «የተጋበዘው እኔን ይከተል» የሚለውን ምርጫም አብራችሁ ክፈቱት፤ ጥቅሙ ከታች ይታያል።

ምልክት፦ ልጥፍ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የማረጋገጫ ኢሜይል አይመጣም።

ምክንያት፦ የሳይድኪክ፣ ማለትም ሰርቨሩ ከጀርባ የሚሠራቸውን ሥራዎች በተራ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ወረፋ ሞልቷል። አንድ ልጥፍ ተከታይ ላለበት ሰርቨር ሁሉ ለየብቻ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ትዊተር ሲሸጥ የጎረፈው ሰው ብዙ ሰርቨሮችን ያስጨነቀው እንዲህ ነው። የገበያ ዋዜማ አንዱ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ እህል ተደርድሮ፣ የማዶው ወፍጮ ሥራ ፈትቶ ይውላል።

መፍትሄ፦ ወረፋዎቹን ለያይታችሁ ለኢሜይልና ልጥፍ ለመላኪያ የየራሳቸው ሠራተኛ ሂደት (ለብቻው የሚሄድ የሳይድኪክ ቅጂ) ስጡ። የዳታቤዝ ግንኙነቶች ቁጥር ከክሮቹ (ሂደቱ ጎን ለጎን ከሚሠራባቸው ‹ትሬዶች›) እንዳያንስ፤ «ስኬጁለር» የሚባለው፣ በየጊዜው የሚደጋገሙ ሥራዎች ወረፋ ደግሞ በአንድ ሂደት ላይ ብቻ ይሂድ። ይህ ግን ጊዜ መግዣ ነው። ዋናው ሥራ ምዝገባውን በአስተዳዳሪው ፈቃድ ማድረግና የመጣውን ወደ ጎረቤት ሰርቨር መምራት ነው። ከጎረቤት አስተዳዳሪ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሳይጠየቅ 200 ሰው የሚላክበት ሰው ይቀየማል፣ እውነቱንም ነው።

ምልክት፦ ትንሹ ሰርቨር ላይ የገባው «እዚህ ሰው የለም» ብሎ ይወጣል።

ምክንያት፦ ሰርቨሩ የሚቀበለው በዋናነት አባላቱ የሚከተሏቸውን ሰዎች ልጥፍ ነው። አባላቱ ጥቂት ከሆኑ ገጹ ባዶ ነው። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ሰውዬው ልክ መርጦ ሳለ የተሳሳተ ይመስለዋል።

መፍትሄ፦ ያ የመከተል ምርጫ እዚህ ይረዳል። ከ20 እስከ 30 አማርኛ ጸሐፊዎችን አድራሻ የያዘ የሲኤስቪ ፋይል (ተራ የሰንጠረዥ ፋይል) አዘጋጅታችሁ በመጀመሪያው ቀን እንዲያስገባው አድርጉ። ሪሌይ፣ ማለትም የብዙ ሰርቨሮችን ይፋዊ ልጥፎች የሚያቀባብል አገልግሎት፣ መጨመርም ይቻላል፤ ዲስክ ግን ቶሎ ይሞላል።

ምልክት፦ ሰርቨር መቀየር ይፈልጋል፣ ተከታዮቼን አጣለሁ ብሎ ይፈራል።

መፍትሄ፦ አዲሱ አካውንት ላይ የድሮውን አድራሻ እንደ ተለዋጭ ስም ያስመዝግብ፤ ከዚያ ከድሮው «አዛውር» ይበል። ተከታዮቹ ይከተሉታል፣ የሚከተላቸውን በሲኤስቪ ይወስዳል። የጻፋቸው ልጥፎች ግን እዚያው ይቀራሉ፤ ይህን ከመዛወሩ በፊት ንገሩት።